የዝናብ ቀን ቅብብል

ቲቸር አቻን ከፊተኛው ወንበር አንስታ ከብረቱ ምሰሶ ጀርባ ያስቀመጠችኝ ቀን ጠላቴን አወቅሁ። አሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ጠላት ማግኘት ደስ ይላል፤ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ነገር አያጣም። እኔም ሁለት ወር ሙሉ እንዴት እንደምበቀላት ሳስብ ከረምኩ። በመጨረሻም ተበቀልኩ፤ እንዲያውም ካሰብኩት በላይ ተሳካልኝ።

ክፍላችን ክፍል እንዲሆን የተሠራ አይደለም። የእህል መጋዘን ነበር፤ አንድ የዕርዳታ ድርጅት ለቅቆት ሲሄድ ለጋምቤላ ልጆች ይሁን ተባለ። ረጅምና ጠባብ፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የሌለው። ማሽላ እንዳይርስ እንጂ ልጅ እንዲማርበት ማን አስቦ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ቋ፣ ቋ ይላል፤ አምስት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው ላይ መደገፍ አይቻልም። መሃል ለመሃል አምስት የብረት ምሰሶዎች ቆመዋል። በሩ ከሰሌዳው ጎን ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ትገባና ሰሌዳውን ታብለጨልጨዋለች፤ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። በዚያ ውስጥ ሰማንያ ሦስት ልጆች ነበርን። የጋምቤላን የመጋቢት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ብነግረውም አይገባውም።

ቲቸር አቻን በዚያ ዓመት ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት። ከእሷ በፊት የነበሩት አስተማሪዎች በዚያ ክፍል ይጮሁ ነበር፤ ጮኸው ጮኸው በሳምንቱ ጉሮሯቸው ይዘጋል፣ ከዚያ ጽፈው ብቻ ይወጣሉ። እሷ አትጮኽም። የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲያውም አላስተማረችም፤ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከምሰሶ ጀርባ፣ አንዴ ከጥግ እንደ ተማሪ ትቀመጥና ሰሌዳውን ታያለች። ሥራ የማታውቅ መስላን ሳቅንባት። በሳምንቱ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ከየቤታችን ለቅመን እንድናመጣ አዘዘችን፤ ወቅጠን ከከሰል ጋር ለውሰን ሰሌዳውን አጠቆርነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስክታልፍ ሰሌዳውን ትታ በመሃላችን እየተዘዋወረች ቃል በቃል ታስጠናናለች፤ ጥላ ሲሆን ደግሞ ትጽፋለች። ፀሐይዋን እንደ ደወል ነበር የምትጠቀምባት።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የዝናቡ ነገር ነው። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የጋምቤላ ዝናብ ሲወርድ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። ሌሎቹ አስተማሪዎች ዝናብ ሲመጣ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከትተው እስኪያባራ በር ላይ ይቆማሉ፤ ስንት የትምህርት ቀን እንደዚያ እንዳለፈ ቤቱ ይቁጠረው። ቲቸር አቻን ቅብብልን አስተማረችን። የምንቀመጠው በሦስት ረድፍ ነው። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ለየረድፉ ፊተኛ ልጅ በጆሮው ትነግረዋለች፤ እሱ ዞሮ ከኋላው ላለው፣ ያኛው ከኋላው ላለው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ግድግዳ ይደርሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሰማኸውን ታቀብላለህ፣ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ቃሉ መጨረሻ ሲደርስ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። የላከው ሰው የተመለሰለትን ሰምቶ፣ ቃሉ ራሱ ከሆነ እጁን ያነሳል፤ ከተበላሸ ራሱን ይነቀንቅና እንደገና ይጀመራል። መጀመሪያ አካባቢ «ባሮ ወደ ምዕራብ ይፈሳል» ብላ የላከችው «ባሮ ደረቀ» ሆኖ ይመለስላት ነበር። በጥቅምት ግን ያን ሁሉ ዝናብ አልፎ አንድ ቃል ሳይጎድል ይደርስ ጀመር።

የመሃለኛው ረድፍ ፊተኛው ወንበር የእኔ ነበር። በመንፈቁ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ያገኘሁት ሹመት ነበር የሚመስለኝ። አባቴ ኩን የከተማው ውሃ ፓምፕ ላይ ይሠራል፤ በዚያ ላይ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ልጁ ኛቶክ ፊት እንደምትቀመጥ በቤተ ክርስቲያናችን ያልሰማ ሰው አልነበረም። በመጋቢት አንድ ሰኞ ቲቸር አቻን መጣችና ደብተሬን አንስታ ወደ ኋላ ይዛው ሄደች። አሥራ አራተኛው ወንበር ላይ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ጀርባ አስቀመጠችው።

«እዚህ የምፈልገው አንቺን ነው» አለችኝ።

በእኔ ቦታ ፌበንን አስቀመጠች። ፌበን ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ሁልጊዜ እንባ ያቀረረ፣ ከሃምሳ በላይ አምጥታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። ከወንበሬ ሆኜ የማየው ነገር አንድ ዝገት የያዘው ብረት ብቻ ነው። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ምን ብዬ? አንደኛዋ ልጅህ ብረት ስታይ ትውላለች ልበለው?

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ኢታንግ ውስጥ ዘጠና አንድ ልጅ ይዤአለሁ፤ ስለዚህ አሁን ይገባኛል። ፌበን ከአራት እርምጃ በላይ አይታያትም ነበር፤ ከፊት ካልሆነች ለእሷ ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ቅብብሉ ደግሞ ሁልጊዜ የሚበጠሰው ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ነበር። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ ሰሌዳውን አይቶ የሳተውን ማረም አይችልም፤ ጆሮው ብቻ ነው ያለው። ቲቸር አቻን እዚያ ቦታ በጆሮዋ ብቻ የምትማር ልጅ ያስፈልጋት ነበር፤ ከሰማንያ ሦስታችን ያገኘችው አንዲት ነበረች። ይህን ያኔ ቢነግሩኝም አላምንም ነበር። ቂም ይዤ ነበርና።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከመዘምራን ልምምድ ስመለስ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አለፍኩ። ቆርቆሮ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ምስማር ሲነቀልበት ያለቅሳል። በአጥሩ ክፍተት አጮልቄ ሳይ ቲቸር አቻን ብቻዋን መዶሻ ይዛ የክፍላችንን ግድግዳ ትነቅላለች። ዙሪያዋን ገልመጥ አድርጋ ሁለት ቆርቆሮ አወረደች፣ ጠርዙ እጇን ቆረጣትና ጣቷን ጠባች፣ ከዚያ ባጃጅ ጠርታ ጣሪያው ላይ አሰረችው። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን በሳር በሚከድንበት ሰፈር ሁለት ቆርቆሮ ምን ማለት እንደሆነ ለልጅ የሚያስረዳ አያስፈልግም። የእሷም ቤት የሳር ቤት ነበር። «ሌባ!» አልኩ በልቤ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልረሳውም።

ባጃጁ በቀስታ ነበር የሚሄደው፤ እየሮጥኩ ተከተልኩት። መሃል ገበያ፣ ሳኒ የሚባለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ በር ላይ ቆመ። ሳኒ ከአሮጌ ቆርቆሮ ሳጥንና የከሰል ምድጃ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ የተሰቀሉ ልብሶች ውስጥ ተደበቅሁ። እሷ በእጇ እያሳየች ታወራዋለች፣ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሠራተኞቹ መዶሻቸውን ያወርዱታል፤ ካለሁበት አንዲት ቃል እንኳ አልሰማሁም። ሳኒ ቆርቆሮዎቹን ወደ ውስጥ አስገባ። እሷ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ደብተሬ በብርሃን ተሞልቶ ነበር። ቆርቆሮዎቹ የተነቀሉት ከእኔው ወንበር ትይዩ ነው። ከባሮ በኩል ነፋስ ይገባል፣ ከዚያ በፊት ጨለማ የነበረው ወረቀት አሁን ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ግን ያየሁት የወንጀል ቦታ ነበር።

ለአባቴ እሁድ ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነግሬው ነበር። መንገድ ላይ ቆመ። በዓይንሽ አየሽ ወይ አለኝ፤ አየሁ አልኩ። ሰውዬውን ምን አለችው አለኝ። አልሰማሁም ብል ወሬዬ ሁሉ የሚረክስ መሰለኝ።

«‹ሽጠው› አለችው» አልኩ።

ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀኝ የቆየ ይመስል ወጣ። አባቴ ተቀምጦ ፊቴን በፊቱ ትይዩ አደረገ። ይህን ያደረገው በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«እሷ አኝዋ ናት፣ እኛ ኑዌር ነን። እኔ ይህን ነገር አፌ ውስጥ ካስገባሁ ሰው ወዴት እንደሚወስደው አንቺ አታውቂም። ከሥራዋም ትባረራለች። አንዲት ቃል ከራስሽ ካለበት አሁን ንገሪኝ፤ እዚሁ እንቀብረዋለን።»

«የለበትም» አልኩ።

እሱም አመነኝ። በማግስቱ ከዳይሬክተሩ ጋር በር ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው። ዳይሬክተሩ «ኮንትራት ናት እኮ፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃታል» ሲለው፣ ኮንትራት የሆነ በሽታ መሰለኝ፤ ደብዳቤው ደግሞ መድኃኒቱ። አባቴ የሚመለከተው አካል መጥቶ በይፋ ይጣራ፣ በሹክሹክታ ሰው አይባረርም አለ። ዳይሬክተሩ ደስ አላለውም። ለምን ደስ እንዳላለው ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ቲቸር አቻን ግድግዳው ይከፈትልኝ፣ ሁለተኛ ሰሌዳም ይሠራልኝ ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋለት፣ ሦስቱንም መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆልፎባቸው ነበር።

ከትምህርት ቢሮ የተላከው ሱፐርቫይዘር የመጣው በግንቦት አንድ ዓርብ ነው። ከደጋ የመጣ፣ አነጋገሩ የታረመ፣ በመሐረብ አንገቱን የሚጠርግ ሰው። ልጆቹ ምስክር ናቸውና ከቦታቸው አይነሱ አለ፤ ወላጆች ግድግዳውን ይዘው ቆሙ፣ የቀሩት በወንበሮቻችን መሃል ተጠቀጠቁ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሙቀት ያፍን ነበር፤ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ማጅራት ላይ ላብ ሲወርድ እያየሁ ቆጠርኩ። አባቴ ከፊት፣ ከሱፐርቫይዘሩ አጠገብ ቆሟል። የአኝዋ ወላጆች በአንድ በኩል፣ የኑዌር ወላጆች በሌላ በኩል መቆማቸውን ያኔ ልብ አላልኩም። አባቴ ግን ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር።

ቲቸር አቻን ቀድማ ተጠየቀች። ቆርቆሮውን እኔ ነኝ የነቀልኩት አለች። ግድግዳውን የከፈትኩት ለብርሃን ነው፤ ቆርቆሮውን ደግሞ ሳኒ ቀጥቅጦ ጠፍጣፋ ያድርገው ብዬ ሰጠሁት፣ ጥቁር ቀብተን ለኋለኞቹ ልጆች ሰሌዳ እናደርገዋለን፤ ዳይሬክተሩን በደብዳቤ ጠይቄአለሁ አለች። ሱፐርቫይዘሩ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። ዳይሬክተሩ ጣሪያውን እያየ እኔ ጋ የደረሰ ደብዳቤ የለም አለ። ጥበቃው ሳኒ ዘንድ ተላከ፤ እያለከለከ ተመልሶ ሱቁ ዝግ ነው፣ ዛሬ ጁምዓ ነው፣ ሰውዬው መስጊድ ነው አለ። ሱፐርቫይዘሩ በበሩ በኩል ደመናውን አየ። ማታውን ኢታንግ መድረስ ነበረበት፤ መንገዱ ከጨቀየ አይደርስም። እንግዲህ ልጅቷን እንስማ አለ።

ተነሳሁ። ምሰሶው መሃላችን ስለነበር ግማሽ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ልጄ፣ አትፍሪ። መምህርቷ ሰውዬውን ምን ስትለው ሰማሽ?»

አፌን ስከፍት ዝናቡ ወረደ። ደግሞ እንዴት ያለ! ጣሪያው ላይ ድንጋይ የተገለበጠ መሰለ። ሱፐርቫይዘሩ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለውም። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እኔ ሊመጣ ሞከረ፤ በወንበሮቹ መሃል በቆሙት ሰዎች ማለፍ አልቻለም። ትልልቆቹ ሰዎች ሁሉ እርስ በርስ እየተያዩ ይጮሃሉ፣ ማንም ማንንም አይሰማም። ያን ጊዜ ከፊቴ ያለው ልጅ ዞረና ጆሮውን ሰጠኝ።

ማንም አላዘዘውም። ዝናብ ሲመጣ የምናደርገው እንደዚያ ነው። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ «‹ሽጠው› አለችው» አልኩት። እሱ ዞሮ ከፊቱ ላለችው ነገራት፣ እሷም ከፊቷ ላለው። አንገቴን ሰግጌ በምሰሶው ጎን አየሁ፤ ጭንቅላቶች አንድ በአንድ ይዞራሉ። በመጨረሻ ፌበን ጋ ደረሰ። ፌበን ተነስታ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ጆሮ ተንጠራራች። አባቴም ጎንበስ ብሎ አብሮ ሰማ። ፊቱ ጠቆረ።

ቲቸር አቻን ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆማ ነበር። ፌበንን ወደ ራሷ አስጠግታ ምን እንዳለች አስደገመቻት። ከዚያ ያደረገችውን ሳይ ደነገጥኩ፤ ጣቷን አሽከርክራ «መልሺ» አለቻት፣ ልክ ትምህርት ላይ እንደሆንን። ፌበን ዞራ ከኋላዋ ላለው ነገረችው። ቃሌ በመጣበት መንገድ ወደ እኔ ይመለስ ጀመር። ያኔ የመሰለኝ ሰው ፊት ልታዋርደኝ፣ ልታስፈራራኝ ነው። ከፊቴ ያለው ልጅ ዞረ፤ ሙቅ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ አረፈ።

«‹ሽጠው› አለችው» አለኝ።

አንድ ቃል አልጎደለም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እጄን ይጠብቃሉ። እጄን ካነሳሁ ቃሉ የእኔ ነው፤ ራሴን ከነቀነቅሁ ደግሞ እንደገና ይጀመራል፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ማንም ሳይቆጣ፣ ማንም ማን አበላሸው ሳይል። ቲቸር አቻን በሰዎቹ መሃል በቀጥታ ታየኛለች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ፤ ማጣቴም ይበልጥ አናደደኝ። ሴትየዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንጀራዋ ሊቆረጥ ሲል፣ ውሸቴን የምመልስበት በር ከፍታልኝ ትጠብቅ ነበር። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ያየሁት ጠላቴን ብቻ ነው።

እጄን አነሳሁ። ምሰሶው እንዳይከልለው አድርጌ፣ ከፍ አድርጌ ነው ያነሳሁት።

ቲቸር አቻን ቅብብል ሲሳካ እንደምታደርገው አንዴ ራሷን ዝቅ ከፍ አደረገች። ጠመኔዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፌበን ወደ እኔ አቅጣጫ ዞራ ዓይኗን ታሽ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሱፐርቫይዘሩ ወረቀቱን ጽፎ ጨርሷል። አንድ የአኝዋ ወላጅ ጮክ ብሎ መናገር ሲጀምር ቲቸር አቻን በቋንቋቸው ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ሰውየው ዝም አለ። ምን እንዳለችው አባቴ በኋላ ጠይቆ ነገረኝ። «የልጅ ነገር ነው፣ በልጅ ምክንያት እንዳትጣሉ» ነው ያለችው። ሰኞ ስንመጣ አልነበረችም።

ሳኒ የመጣው ረቡዕ ነው። ጋሪ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ፣ ጠርዛቸው የታጠፈ፣ ለመስቀያ ቀዳዳ የተበጀላቸው ሰሌዳዎች ጭኖ ቲቸሯ የት አለች አለ። ተባረረች ሲሉት ጉድ አለ። ማን እንዳስባረራት ሳያውቅ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብሎ ሄደ። ዳይሬክተሩ ሰሌዳዎቹን ግድግዳው ላይ አስደገፋቸው፤ ደብዳቤው ወጥቷል፣ አይመለስም ተባለ። ያለ ፈቃድ የመንግሥት ንብረት መንቀልም ጥፋት ነው አሉ። አባቴ ሰሌዳዎቹን አገላብጦ አየና ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገር ስነግረው ሌላ ሰው ደግሞ ይጠይቅ ጀመር።

አዲሱ አስተማሪ በቁመት ደረደረን። እኔ አጭር ስለሆንኩ ወደ ፊት ተመለስኩ፤ ፌበን ረጅም ናት፣ መጨረሻው ግድግዳ ጋ ሄደች። ዝናብ ሲመጣ አስተማሪው በር ላይ ይቆማል። በሚቀጥለው ዓመት ፌበን ትምህርቷን አቋረጠች። ዓይኗ ነው አሉ፤ እኔም እንደዚያው አመንኩ።

ባለፈው ጥር ከየወረዳው የተመረጥን አስተማሪዎች ወደ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ለሥልጠና ተላክን፤ ለትምህርት ባልተሠራ ክፍል ብዙ ልጅ እንዴት ማስተማር ይቻላል የሚል ሥልጠና ነበር። የሸራ ክፍሉ ውስጥ ስንገባ አሠልጣኟ ከኋለኛው ጥግ እንደ ተማሪ ተቀምጣ ሰሌዳውን ታያለች። ጸጉሯ ነጭ ጣል ጣል አድርጎበታል። ቲቸር አቻን ነበረች። እስከ ዕረፍት ሰዓት ምን እንዳስተማረችን አልሰማሁም፤ ከዚያ ተከትያት ወጣሁ። በእኛ አማርኛ «እርስዎ» እምብዛም የለም፤ ያን ዕለት ግን በኖረ ብዬ ተመኘሁ።

«ቲቸር፣ ‹ሽጠው› አላልሽም። ምንም አልሰማሁም ነበር። ከራሴ ነው የጨመርኩት።»

«አውቃለሁ፣ ኛቶክ» አለች። «ያልኩትን እኔ አላውቅም?»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። እንባዬ እየመጣ ነበር፤ እሷ ግን የውሃ ጠርሙሷን ከፍታ ጠጣች፣ አልቸኮለችም።

«በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ውሸታም ብልሽ ከዚያ በኋላ ከአፍሽ ማን ይቀበላል? እኔ ሌላ ክፍል አገኛለሁ አልኩ። አንቺ ሌላ አፍ የለሽም።» ጠርሙሷን ከደነችና «ሦስት ዓመት ግን ለተማሪዎቼ ስጸልይ የአንቺን ስም እዘል ነበር» ብላ ሳቀች።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ተቀበለችኝ፣ እጄን ያዘችኝ። በቃ፣ ተገላገልኩ አልኩ በልቤ። ያን ጊዜ ፌበንስ፣ ዓይኗ ዳነ ወይ አለችኝ። ትምህርቷን እንዳቋረጠች፣ ጋምቤላ ገበያ ዓሣ እንደምትሸጥ ስነግራት እጄን ለቀቀች። «ሰላም በያት» ብቻ አለችኝ።

ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ከፌበን ዓሣ መግዛት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ ትምህርት ቤት አንስተን አናውቅም። ዓሣውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ነው የምትሰነጥቀው። ቲቸር አቻን ሰላም ብላሻለች አልኳት። ቢላዋዋ ቆመ።

«አልተቀየመችኝም?» አለች።

ለምን ትቀየምሻለች አልኩ። ፌበን ዙሪያዋን አየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሁለት ልጆች ያላት ሴት ናት፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ልጅ ነበር የምትናገረው።

«ያስባረርኳት እኔ ነኝ እኮ። ለዚያ ሰውዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቲቸር እንደዚያ አትልም፣ አውቃታለሁ። ቃሉ እኔ ጋ ሲደርስ ነው የተበላሸው። መልሺ ስትለኝም ያንኑ የተበላሸውን መለስኩት፤ ከኋላ እጅ ይነሳ ራስ ይነቅነቅ እኔ መቼ ይታየኛል? ማንንም አልጠየቅሁም፤ ምን ብዬ ልጠይቅ? ከዚያ በኋላ ሰው በጆሮዬ ሊነግረኝ ሲጠጋ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ስለዚህ ቀረሁ።»

የገበያው ጫጫታ ጆሮዬ ላይ ጠፋ። ከጎኗ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ዓሣ የነካ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እንድታየኝ ፊቴን ወደ ፊቷ አስጠጋሁ።

«ፌበን፣ አልተበላሸም» አልኳት። «እንደላክሁት ነው የደረሰሽ።»